የግፊት ክፍሉና በዘር የመጣ ሕመም፦ ከወንዝ ሥር እስከ ሐይፋ



በሐይፋና በአካባቢዋ ካሉት አዲስ ገቢ ቤተሰቦች መካከል እግሩ የሚዝል፣ ሲራመድ ጣቱ መሬት እየነካ የሚያደናቅፈው ልጅ ያላቸው አሉ። ሐኪሙ መርምሮ «የነርቭ ሕመም ነው፤ በዘር የመጣ ነው፤ የሚያድን መድኃኒት እስካሁን አልተገኘለትም» ሲላቸው ወላጆች እጃቸውን አጣጥፈው አይቀመጡም። ከጎረቤት፣ ከሥራ ባልደረባ ወይም ከማስታወቂያ «ታ ላሐጽ» የሚባል ሕክምና እንዳለ ይሰማሉ። ታ ላሐጽ በዕብራይስጥ የግፊት ክፍል ማለት ነው። በሽተኛው በብረት በተሠራ ዝግ ክፍል ውስጥ ይገባል፤ የአየሩ ግፊት ከውጭው ወደ ሁለት እጥፍ ወይም ከዚያ በላይ ከፍ ይደረጋል፤ በጭንብል ንጹሕ ኦክስጅን ይተነፍሳል። ሐኪሞች ሃይፐርባሪክ ሕክምና ይሉታል። አንዱ ቦታ አርባ ጊዜ፣ ሌላው ቦታ ስልሳ ጊዜ ግቡ ይባላል። ኩፓት ሖሊም ካልከፈለ ወጪው ከቤተሰቡ ኪስ ነው፤ ቤት ኪራይና የዕለት ወጪ ገና ያልተስተካከለለት ቤተሰብ ይህን ያህል ገንዘብ ለማግኘት ይበደራል።

ስለዚህ ከመበደር በፊት የዚህን ክፍል ታሪክ ማወቅ ይጠቅማል። ከየት መጣ? ለምን ተሠራ? ማንን አዳነ? ማንንስ ተስፋ ሰጥቶ ባዶ እጁን መለሰ? ለመሆኑ ሐይፋ ከዚህ ነገር ጋር ምን አገናኛት?

ከወንዝ ሥር የተገኘ ሕመም

በ17ኛው መቶ ዓመት ሄንሾ የሚባል እንግሊዛዊ ሐኪም በወናፍ አየር የሚሞላ ዝግ ክፍል አስቦ ነበር ይባላል። ወናፍ ምን እንደሆነ ለእኛ አንባቢ ማስረዳት አያስፈልግም፤ የብዙዎቻችን አባቶች በብረት ሥራ የኖሩ ናቸው። ያን ጊዜ ግን ኦክስጅን የሚባል ነገር መኖሩ ራሱ አልታወቀም ነበር፤ እንግሊዛዊው ፕሪስትሊ ስለዚህ አየር የጻፈውና ፈረንሳዊው ላቮአዚየ ስም ያወጣለት ከመቶ ዓመት በኋላ፣ በ1770ዎቹ ነው።

እውነተኛው ታሪክ የሚጀምረው ከፈረንሳይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1840 ገደማ ትሪዤ የሚባል መሐንዲስ በሎዋር ወንዝ አጠገብ የድንጋይ ከሰል ለማውጣት ሲቆፍር ውሃ እየገባ አስቸገረው። መፍትሔውም ከታች ክፍት የሆነ ትልቅ የብረት ቱቦ ወደ መሬት አስገብቶ፣ አየር በኃይል እየሞላ ውሃውን ወደ ኋላ መግፋት ሆነ። ሠራተኞቹ በታመቀው አየር ውስጥ ሲሠሩ ደኅና ናቸው፤ ከወጡ በኋላ ግን አንዳንዶቹን መገጣጠሚያቸውን ክፉኛ ያማቸዋል። በ1854 ፖልና ዋቴል የሚባሉ ሁለት ሐኪሞች አንድ አስገራሚ ነገር ጻፉ፦ የታመመው ሠራተኛ ተመልሶ ወደ ታመቀው አየር ቢገባ ሕመሙ ይለቀዋል። የዛሬው ታ ላሐጽ ዋና ሐሳብ የተወለደው ከዚህ ነው።

ነገሩ ዓለም ያወቀው የኒውዮርክ ብሩክሊን ድልድይ ሲሠራ ነው። ሥራው በ1870 ተጀመረ። የድልድዩ እግር እንዲቆም ሠራተኞች ከወንዙ ወለል በታች፣ በማንሃታን በኩል ወደ 24 ሜትር ጥልቀት ድረስ፣ ትልቅ ሣጥን በሚመስል የታመቀ አየር ክፍል ውስጥ ገብተው መቆፈር ነበረባቸው። አብዛኞቹ ከአየርላንድ፣ ከጀርመንና ከጣልያን የመጡ ድሆች ነበሩ። በሌላ አገር ስደተኛው የሚያገኘው ሥራ ምን ዓይነት እንደሆነ እኛም አናጣውም። ብዙዎች ታመሙ፣ የሞቱም አሉ። ዋናው መሐንዲስ ዋሽንግተን ሮብሊንግ ራሱ በ1872 ታሞ ወደ ሥራው ቦታ መመለስ አቃተው። ከመኝታ ቤቱ መስኮት በመነጽር ሥራውን እየተመለከተ፣ ሚስቱ ኤሚሊ ትእዛዙን እየወሰደች፣ የምሕንድስናውንም ትምህርት እየተማረች ድልድዩ በ1883 ተከፈተ።

ሕመሙ ምን እንደሆነ ግልጽ ያደረገው ፈረንሳዊው ፖል ቤር ነው። በ1878 ባሳተመው ታላቅ መጽሐፍ እንዳስረዳው፣ ሰው በታመቀ አየር ውስጥ ሲቆይ በአየር ውስጥ ያለው ናይትሮጅን በደሙና በሥጋው ውስጥ ይሟሟል። በድንገት ከወጣ፣ የለስላሳ ጠርሙስ ሲከፈት አረፋ እንደሚወጣው፣ ናይትሮጅኑ በደም ሥር ውስጥ አረፋ ይሆናል፤ አረፋው ነርቭንና መገጣጠሚያን ይጎዳል። ያው ፖል ቤር ሌላም ነገር አግኝቷል፤ ማስታወቂያዎች የማይጽፉት ነው። ኦክስጅን ራሱ በከፍተኛ ግፊት ሲሰጥ መርዝ ይሆናል፣ እንደ ሚጥል በሽታም ያንቀጠቅጣል። የዛሬዎቹ ክፍሎች በየመሐሉ ጭንብሉን አስወልቀው ተራ አየር የሚያስተነፍሱት በዚህ ምክንያት ነው።

ቀጥሎ ስኮትላንዳዊው ሃልደን መጣ። ለአገሩ ባሕር ኃይል በፍየሎች ላይ ሞክሮ፣ ጠላቂ ዋናተኛ ከየትኛው ጥልቀት በየትኛው ደረጃ እያረፈ መውጣት እንዳለበት የሚያሳይ ሰንጠረዥ በ1908 አወጣ።

ሐይፋ ለምን?

ከዚህ ላይ ወደ ከተማችን እንምጣ። ሐይፋ የወደብ ከተማ ናት፤ የእስራኤል ባሕር ኃይልም ትልቁ መሠረቱ እዚህ ነው። ጠላቂዎች ባሉበት የግፊት ክፍል የግድ ያስፈልጋል። የእስራኤል ባሕር ኃይል የሕክምና ተቋም በሐይፋ ሆኖ ለዓመታት ጠላቂ ወታደሮችንና ለመዝናናት የሚጠልቁ ሲቪሎችን አክሟል። ከተቋሙ የወጡት ሐኪሞች ይሁዳ መላመድ፣ አቪ ሹፓክና ሐይም ቢተርማን በ1992 በታወቀው የአሜሪካ የሕክምና መጽሔት፣ በኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲሲን፣ ስለ ጠላቂዎች ሕመም የጻፉት ጽሑፍ በዓለም ዙሪያ ይጠቀሳል። በቀርሜሎስ ተራራ ላይ ባለው በኤሊሻ ሆስፒታልም ለሲቪሉ ሕዝብ የሃይፐርባሪክ ክፍል ሠርቷል። ስለዚህ አንድ የሐይፋ ሰው ስለ ታ ላሐጽ ሲነግራችሁ ከባዶ ሜዳ አይደለም፤ ይህ እውቀት በዚህ ከተማ ሥር አለው።

ሌላም ከእኛ ቤት ጋር የሚገናኝ ነገር አለ። ክፍሉ የሚያድነው ሁለተኛው ዓይነት በሽተኛ በጭስ የተመረዘ ሰው ነው። በክረምት መስኮትና በር ዘግቶ የከሰል ምድጃ የሚያነድ ቤተሰብ ሳያውቀው ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል ሽታ የሌለው መርዝ ይተነፍሳል። ይህ መርዝ በደም ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመውን ሄሞግሎቢን ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ በሚበልጥ ኃይል ይይዘዋል። ሰው ተራ አየር እየተነፈሰ ቢቆይ የመርዙ ግማሽ ብቻ ከደሙ እስኪወጣ አራት አምስት ሰዓት ይፈጃል፤ በሦስት እጥፍ ግፊት ኦክስጅን ቢሰጠው ግን ግማሽ ሰዓት እንኳ አይሞላም። እዚህ አገር ያለው ቤት እንደ አገር ቤቱ የሣር ክዳን ጭሱን አያሳልፍም፤ ጣሪያው ሲሚንቶ ነው። ለቡናም ይሁን ለሙቀት ከሰል በዝግ ክፍል አታንድዱ። ሁላችሁም አብራችሁ ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ከያዛችሁ ወዲያው ውጡና 101 ደውሉ። ከጉዳያችን ትንሽ ወጣ ብያለሁ፤ ነገር ግን ሳይጻፍ የሚታለፍ አይደለም።

ኦክስጅን ሲታመቅ የሚሠራው ሥራ

ለምን እንደሚጠቅም ባጭሩ እንይ። ዘወትር ኦክስጅንን የሚሸከመው ቀይ የደም ሕዋስ ነው፤ በጤነኛ ሰው ደግሞ ሸክሙ ሙሉ ነው፣ ተጨማሪ አይይዝም። ግፊት ሲጨመር ግን ኦክስጅኑ በደሙ ውሃ ውስጥ ራሱ ይሟሟል። በ1960 ቡረማ የሚባል የአምስተርዳም ቀዶ ሐኪም ይህን በአሳማዎች አሳየ፤ ቀይ ሕዋሱ ከሞላ ጎደል ወጥቶላቸው በሌላ ፈሳሽ የተተካ አሳማዎች በሦስት እጥፍ ግፊት ውስጥ ኦክስጅን እየተነፈሱ ቆዩ።

ስለዚህ ይህ ሕክምና የሚጠቅመው ኦክስጅን ያጣን ሥጋ ነው። የጠላቂ ሕመም፣ የጭስ መመረዝ፣ ጋዝ ጋንግሪን የሚባለው የቁስል መበስበስ፣ ለካንሰር በተሰጠ ጨረር የተጎዳ ሥጋ፣ በስኳር በሽታ ምክንያት የማይድን የእግር ቁስል፣ በድንገት የጠፋ መስማት። ዓለም አቀፍ የሆነው የሃይፐርባሪክ ሐኪሞች ማኅበር የሚቀበላቸው ሕመሞች አሥራ አምስት አይበልጡም። ስኳርን በተለይ አስታውሱ። ከኢትዮጵያ በመጡ ሰዎች ላይ የስኳር በሽታ ከመጡ በኋላ እንደሚበዛ የእስራኤል ሐኪሞች ከ1980ዎቹ ጀምሮ ጽፈዋል። እግሩ ቆስሎ አልድን ያለው አባት ቢኖራችሁ ስለ ታ ላሐጽ ከሐኪሙ ጋር መነጋገር በእውነት ይገባችኋል።

በዘር የመጣ የነርቭ ሕመም ግን በዚህ ዝርዝር ውስጥ የለም።

ተስፋ የሰጡና ባዶ የቀሩ

ታ ላሐጽ ለዚህም ለዚያም ያድናል ተብሎ ሲነገር ይህ የመጀመሪያው አይደለም። በአሜሪካ ኦርቫል ከኒንግሃም የሚባል ሐኪም በ1928 በክሊቭላንድ ከተማ ስፋቱ ወደ 20 ሜትር የሚደርስ ትልቅ የብረት ኳስ አሠራ፤ ፎቅ ያለው፣ ክፍል ያለው፣ እንደ ሆቴል የሚታደርበት። ገንዘቡን የሰጠው አንድ ባለጸጋ ሲሆን ወጪው አንድ ሚሊዮን ዶላር ደረሰ። በውስጡ በታመቀ አየር ስኳርን፣ ቂጥኝን፣ ካንሰርን እፈውሳለሁ አለ። የአገሩ ሐኪሞች ማኅበር ማስረጃ አምጣ ቢለው አላቀረበም። ኳሱ በ1930ዎቹ ተዘጋ፤ በጦርነቱ ጊዜም ፈርሶ ለብረቱ ተሸጠ።

አሁን የምነግራችሁ ግን ለእኛ ይበልጥ የቀረበ ነው። በዚያው በ1930ዎቹ በብራዚል፣ በሪዮ ዴ ጃኔሮ፣ አልቫሮ ኦዞሪዮ ዴ አልሜይዳ የሚባል ሳይንቲስት የሥጋ ደዌ በሽተኞችን በግፊት ክፍል ኦክስጅንና ሜቲሊን ብሉ የሚባል ሰማያዊ ቀለም እየሰጠ አከመ። ሥጋ ደዌ ደግሞ ከቆዳ በሽታነቱ ይልቅ የነርቭ በሽታ ነው፤ እጅና እግር የሚደነዝዘው፣ ጣት የሚጎዳው ነርቭ ስለሚሞት ነው። ሕክምናው አልቆየም። በሽታውን ያሸነፈው ሌላ ነገር ሆነ፤ የዓለም የጤና ድርጅት በ1981 የመከረው ሦስት መድኃኒቶችን አጣምሮ የመስጠት ዘዴ። ኢትዮጵያም በዚያው በ1980ዎቹ ተጠቀመችበት።

ሥጋ ደዌ በአገራችን ምን ያህል ቤተሰብ እንዳፈረሰ ታላላቆቻችን ያውቁታል። በሽታው የዘር ነው ይባል ነበር። ለጋብቻ ሽማግሌ ሲላክ ወገኖቹ ስንት ትውልድ ድረስ «ያ ነገር» አለባቸው ወይ ተብሎ በሹክሹክታ ይጠየቅ ነበር፤ አንድ አያት ከታመሙ የልጅ ልጆቻቸው ሳይቀሩ ሳያገቡ ይቀሩ ነበር። ይህን ያመነው የእኛ ሰው ብቻ አይደለም። በኖርዌይ አገር ዳንየልሰንና ቤክ የሚባሉ የታወቁ ሐኪሞች በ1847 በሽታው በዘር ይተላለፋል ብለው መጽሐፍ አሳትመዋል። የዳንየልሰን አማች ሐንሰን ግን በ1873 ትንሽ ባክቴሪያ አገኘ፣ የአማቱንም ሐሳብ ሻረ። በአዲስ አበባ በዘነበወርቅ የነበረው የሥጋ ደዌ ሆስፒታል፣ በ1965 የተቋቋመው አለርት፣ ቀጥሎም በ1970 በሐንሰን ስም የተሰየመው የምርምር ተቋም የሠሩት በዚህ እውቀት ላይ ነው። በኢየሩሳሌምም በ1887 የተሠራ የሥጋ ደዌ ሆስፒታል ነበር፤ ዛሬ ሕንጻው «የሐንሰን ቤት» ተብሎ የሥነ ጥበብ ማዕከል ሆኗል።

ይህን ሁሉ የምጽፈው ለወሬ አይደለም። ከዘር ያልሆነውን የዘር ነው ብለን ሰው ያገለልን ሕዝብ፣ አሁን ሐኪም «የዘር ነው» ሲለን የድሮው ፍርሃት ይመለስብናል። ቤተሰብ ይደብቃል፤ እናት አባትን፣ አባት እናትን ይወቅሳል፤ የተደበቀ በሽታ ደግሞ ለማስታወቂያ የተመቸ ነው። በዘር መምጣቱ እርግማን ማለት አይደለም፤ ምን እንደሆነም ከዚህ በታች እንጽፋለን።

ሻርኮ፣ ማሪና ቱዝ

በዘር ከሚመጡት የነርቭ ሕመሞች በብዛት የሚገኘው በሦስት ሐኪሞች ስም ይጠራል። በ1886 በፓሪስ ዣን ማርታን ሻርኮና ፒዬር ማሪ፣ በዚያው ዓመት በእንግሊዝ አገር ሐዋርድ ቱዝ፣ ስለ አንድ ዓይነት ሕመም ጻፉ። ከእግር ይጀምራል፤ የእግር ውስጥ ቅስት ከፍ ይላል፤ ጣቶች ይቆለመማሉ፤ ባት ይቀጥናል፤ ሰውየው ጉልበቱን ከፍ እያደረገ ይራመዳል። ከዓመታት በኋላ እጅም ይደክማል፤ ቁልፍ መቆለፍ፣ መርፌ መያዝ ይቸግራል። ፈረንሳዮቹ ሕመሙ ከአከርካሪ ውስጥ ይመስለናል ሲሉ፣ ቱዝ ከነርቩ ነው አለ፤ ትክክሉ እርሱ ነበር። አእምሮን አይነካም፤ አብዛኛውን ጊዜም ዕድሜ አያሳጥርም። በኖርዌይ በ1974 የወጣ ጥናት ከ2,500 ሰዎች አንዱ እንዳለበት ገምቷል፤ ስለዚህ ብርቅ አይደለም።

ምክንያቱ የታወቀው በ1991 ነው። ሰው ከአባትና ከእናት የወረሳቸው ክሮሞዞሞች አሉ፤ በ17ኛው ላይ ነርቭን የሚሸፍነውን ልባስ ከሚሠሩት ፕሮቲኖች የአንዱ ትእዛዝ ተጽፏል። በብዙዎቹ በሽተኞች ይህ ትእዛዝ ሁለት ጊዜ ተደግሞ ይገኛል። የኤሌክትሪክ ሽቦን አስቡ፤ ነርቩ ሽቦው፣ ልባሱ ፕላስቲኩ ነው። ልባሱን የሚሠራው ነገር ሲበዛ ልባሱ በትክክል አይሠራም፤ መልእክቱ ይዘገያል፣ በመጨረሻም ሽቦው ራሱ ይሞታል። በጣም ረጅም የሆነው ነርቭ ወደ እግር ጣት የሚሄደው ስለሆነ ሕመሙ ከእግር ይጀምራል።

አሁን የወላጁ ጥያቄ መልስ ይታያል። ታ ላሐጽ ኦክስጅን ያጣውን ሥጋ ይረዳል። የዚህ ልጅ ነርቭ ኦክስጅን አላጣም፤ የተሳሳተ ትእዛዝ ነው ያለው። አርባ ጊዜ ቢገባ፣ ስልሳ ጊዜ ቢገባ፣ በ17ኛው ክሮሞዞም ላይ የተደገመው አይነሳም። «ጉዳት የለውም፣ እንሞክረው» ለሚለው ሰውም መልስ አለ። በብዛት የሚደርሰው የጆሮ ሕመም ነው፤ ጆሮውን መክፈት ያልቻለ ሕፃን ይጮኻል። ዓይን ለጊዜው ይደክማል። መንቀጥቀጥ አልፎ አልፎ ይደርሳል። ኦክስጅን በሞላበት ቦታ ደግሞ ትንሽ ብልጭታ እሳት ነው፤ በ1997 በሚላኖ ሆስፒታል 11 ሰዎች፣ በጥር 2025 በአሜሪካ ሚሺጋን በግል ማዕከል አንድ የአምስት ዓመት ልጅ በግፊት ክፍል እሳት ሞተዋል። ደንብ በሚጠበቅበት ሆስፒታል አደጋው ጥቂት ነው፤ ነገር ግን ጥቅሙ ዜሮ ለሆነ ነገር ጥቂት አደጋም ብዙ ነው።

«እኛ የምናውቀው ሰው ገብቶ ተሻለው» የሚሉ አሉ፤ ውሸታሞች አይደሉም። በካናዳ፣ በኩቤክ፣ ከተወለዱ ጀምሮ አንጎላቸው የተጎዳና መንቀሳቀስ የተቸገሩ 111 ልጆች ተመርምረው ውጤቱ በ2001 ታተመ። ግማሾቹ በግፊት ኦክስጅን፣ ግማሾቹ በጥቂቱ የታመቀ ተራ አየር አርባ ጊዜ ተሰጣቸው፤ ወላጆች የትኛው እንደሆነ አያውቁም። ሁለቱም ወገን ተሻላቸው፣ በእኩል መጠን። ኦክስጅኑ ምንም አልጨመረም። ልጅ በየቀኑ ከወላጁ ጋር ሰዓታት ሲያሳልፍ፣ ትኩረት ሲሰጠው፣ ዕድሜውም ሲጨምር ይሻለዋል። የአንጎልና የአከርካሪ ልባስ የሚጎዳበትን መልቲፕል ስክለሮሲስ የሚባለውን ሕመምም በ1983 አንድ አነስተኛ ጥናት ይረዳል አለ፤ በኋላ የወጡት ብዙ ጥናቶች ግን አላጸኑትም። በአገራችን በእስራኤልም፣ በኋላ ሻሚር በተባለው በአሳፍ ሐሮፌ ሆስፒታል፣ በ2013 ስለ ስትሮክ በሽተኞች የወጣው ጥናት ብዙ ሰው አነጋግሯል፤ ማወዳደሪያው ወገን ግን ወደ ክፍሉ ሳይገባ የቆየ ስለሆነ፣ ስንቱ ከኦክስጅኑ ስንቱ ከተስፋው እንደሆነ ለመለየት ያስቸግራል። ለሻርኮ ማሪ ቱዝ ግን ይህን ያህል ጥናት እንኳ የለም።

ቫይታሚን ሲም ትዝ ይለኛል። በ2004 በአይጦች ላይ ይህን ሕመም አሻለ ተባለ፣ ርካሽም ነው፣ ዓለም ሁሉ ተደሰተ። በጣልያንና በእንግሊዝ 271 በሽተኞች ለሁለት ዓመት ወሰዱት፤ በ2011 ውጤቱ ሲወጣ ምንም ለውጥ አልነበረም።

ገንዘቡና ጊዜው የት ይዋል?

ከሁሉ በፊት የሕመሙ ስም በእርግጥ ይታወቅ። የእግር ድካምና የነርቭ መደንዘዝ የሚያመጡ፣ ሆኖም የሚታከሙ በሽታዎች አሉ፤ ስኳር፣ የቫይታሚን ቢ 12 ማነስ፣ ሰውነት የራሱን ነርቭ የሚያጠቃበት ሕመም። ከኢትዮጵያ ለመጣ ሰው ደግሞ ሥጋ ደዌ ራሱ አለ። ሁለቱም ነርቭን ሊያወፍሩ ይችላሉ፤ ሥጋ ደዌ አይቶ የማያውቅ ወጣት ሐኪም ሊያደናግረው ይችላል። በቤተሰቡ አንድ ብቻ ሰው ከታመመ፣ ቆዳው ላይም የማይሰማው ነጣ ያለ ቦታ ካለ ሳታፍሩ ንገሩት። በመድኃኒት ይድናል።

ሕመሙ በዘር መሆኑ ከተረጋገጠ የሚሠራ ሥራ ሞልቷል። ፊዚዮቴራፒ ጅማት እንዳያጥር ይረዳል። ቁርጭምጭሚትን ቀጥ አድርጎ የሚይዝ ድጋፍ ልጁን ከመውደቅ ያድነዋል፤ እግሩ እጅግ ከታጠፈ ቀዶ ሕክምና አለ። ወጌሻ እግሩን እንዲያሽ የሚያስቡም አሉ፤ ማሸት ባይከፋም፣ የደነዘዘ እግር ሲጠመዘዝ ሕመሙ ስለማይሰማው ጉዳት ይደርሳል። ለካንሰር የሚሰጠው ቪንክሪስቲን የሚባል መድኃኒት ለነዚህ ሰዎች አደገኛ ስለሆነ የሕመሙ ስም በሕክምና መዝገባቸው ይጻፍ። ከ1995 ጀምሮ በሥራ ላይ ባለው የጤና ዋስትና ሕግ ማንኛውም የእስራኤል ነዋሪ ከአንዱ ኩፓት ሖሊም አባል ሆኖ በሳል ብሪኡት ውስጥ ያለውን ሕክምና ያገኛል፤ ወደ ሆስፒታል ለመሄድ የቤተሰብ ሐኪሙን ቶፌስ 17 ጠይቁት። ለአካል ጉዳተኛ ልጅ ከቢቱአሕ ሌኡሚ የሚሰጥ አበልም አለ።

በምርመራው ቀን ልጆቻችሁን አስተርጓሚ አታድርጓቸው። የአሥር ዓመት ልጅ ስለ ራሱ እግር ወይም ስለ ወንድሙ ሕመም ለእናቱ መንገር የለበትም፤ የሚያፍርበትን ይዘላል፣ የማያውቀውን ይገምታል። በአማርኛ የሚያስተረጉም ሰው ከሆስፒታሉ ወይም ከኩፓት ሖሊሙ ጠይቁ። በ1998 የተቋቋመው ተነ ብሪኡት የተባለው ድርጅትም በኢትዮጵያውያን ጤና ላይ ይሠራል።

ከዚያ ወደ ዘር ሐኪሙ ትሄዳላችሁ። ይህ ሕመም በብዛት ከአንዱ ወላጅ ብቻ ይወረሳል፤ ያ ወላጅ ካለበት ለእያንዳንዱ ልጅ የመውረስ ዕድሉ እኩሌታ ነው፣ ሴት ወንድ ሳይል። አያቶቻችን እስከ ሰባት ትውልድ ዘመድ አይጋባም ያሉት ሥርዓት ከሁለቱም ወላጅ የሚወረሱትን ሕመሞች በእርግጥ ይቀንሳል፤ ሐኪሞች ይህን ሲሰሙ ይገረማሉ። ከአንዱ ብቻ የሚወረሰውን ግን አያስቀርም። ስለዚህ የአባት ወገን ወይም የእናት ወገን ብሎ መካሰስ ቦታ የለውም፤ አንዳንዴም ለውጡ ከማንም ሳይወረስ በልጁ ላይ አዲስ ሆኖ ይጀምራል።

ወደዚያ ስትሄዱ አያት ካሉ ይዛችሁ ሂዱ። እዚህ አገር የተወለደ ሰው ከቅድመ አያቱ በላይ ስም መቁጠር ይቸግረዋል፤ የእኛ ሽማግሌ ግን ሰባት ቤት ይቆጥራል፣ ማን ያነክስ እንደነበር፣ ማን ጫማው ቶሎ ያልቅበት እንደነበር፣ ማን ዘንግ ሳይዝ አይሄድም እንደነበር ያስታውሳል። ሐኪሙ ወረቀት አውጥቶ ለሴት ክብ፣ ለወንድ አራት ማዕዘን እየሣለ፣ የታመመውን እያጠቆረ ይጽፋል።